ጋሽ ይቅር ወንዝ ወረዱ

ተኮራርፎ መሰንበት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መደበቅ ያለበት ከአስታራቂ ነው። ጠላት ቢያገኝህ ሰድቦህ ያልፋል። አስታራቂ ያገኘህ እንደሆነ ግን የጠላትህን ጉንጭ ሳያስምህ አይለቅህም። በየቤተሰቡ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ካደረጉ ጆሮው ይቆማል፣ በሐኪም ቤት ወረፋ ላይ እንኳ ማን ከማን ጋር ጀርባ ተሰጣጥቶ እንደተቀመጠ ከበር ያውቃል።

የዚህ ቤተሰብ ክቡር አስታራቂ ጋሽ ይቅር ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ይህን ያወጣላቸው የታረቀው ሕዝብ ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በአውቶቡስ ተቆጣጣሪነት ሲሆን፣ ከቲኬቱ ይልቅ ኩርፊያውን ሲቆጣጠሩ ጡረታ እንደወጡ ባልደረቦቻቸው ይመሰክራሉ። አሠራራቸው አጭር ነው። የተጣሉትን እጅ ለእጅ ያያይዙና፣ "ምክንያቱን አትንገሩኝ! ምክንያት ሲወራ ጠብ ይታደሳል። ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው፤ በሉ ተሳሳሙ!" ይላሉ። ሰዉም ይሳሳማል፤ ከእሳቸው ጋር መከራከር ስለሚያደክም። አንድ ጊዜ አከራይና ተከራይ አስታርቀው ሁለቱም ተቃቅፈው አልቅሰዋል። ጣሪያው ግን ከዕርቁም በኋላ ማፍሰሱን አልተወም።

ይህን ሁሉ የእህታቸው ልጅ አሳምራ ታውቃለች። አባቷ ሲሞት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ጡረታ በወጡ ማግስት፣ "እስኪ ዓለምን ይዩ" ብላ ከባሏ ጋር ለዕረፍት ወደ ሰው አገር ስትሄድ ይዛቸው ሄደች። ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ ለወንዝ የጀልባ ጉዞ ሊነሱ ሲሉ ባሏ የሆቴሉ በረንዳ ላይ በስልክ ሲያወራ እስክትሰማው ድረስ። ባል የመንገድ መሐንዲስ ነው። ሳይነግራት ሩቅ ከተማ ሥራ ተቀብሏል። "ሚስቴማ ምን ችግር አለባት፣ ጠቅልላ ትመጣለች" ይላል። የምትጠቀልለው ደግሞ በስንት ልፋት ያቆመችውን የስፌት ሱቅ ነው።

"ምን አጠፋሁ? ለእኛው ብዬ እኮ ነው" አላት።

አጎቷ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ ከክፍላቸው ሲወጡ ፈገግ አለች። ዕርቅ ጠልታ አይደለም። የፈራችው ሌላ ነው፤ ጋሽ ይቅር ካወቁ የሱቋ ነገር አንዲት ቃል ሳይነገርበት በመሳሳም ይዘጋል፣ እሷም እየሳቀች ሻንጣዋን ትሸክፋለች። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ጥርሷን ልታሳይ ቆረጠች። ባልም በበኩሉ፣ በአጎቷ ፊት ጥፋተኛ ከመባል ብሎ ጥርሱን አሳየ።

የጎማው ጀልባ ላይ እንዲህ ሆነው ተቀመጡ፦ ባል በቀኝ፣ ሚስት በግራ፣ ጋሽ ይቅር በመሃል። መከላከያ ቆቡን ከኮፍያቸው ላይ ደፍተውታል። ጀልባ ነጂው ከኋላ ሆኖ እየጮኸ ያዛል፤ "ቅዘፍ" ሲል ይቀዝፋሉ፣ "አቁም" ሲል ያቆማሉ። ውሃው መንጫጫት ሲጀምር ጩኸቱ ባሰ፤ ወደ ባልየውም እጁን ወነጨፈ። የጋሽ ይቅር ጆሮ ቆመ።

"ተው ልጄ፣ ይሄን ያህል አያስቆጣም!" ብለው መቅዘፊያቸውን አስቀመጡና የነጂውን እጅ በግራ፣ የባልየውን በቀኝ ያዙ። "ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው!"

የሚቀዘፍበት እጅ ሁሉ በዕርቅ ተያዘ። ጀልባዋም ሦስት ዙር ዞረችና የወንዙን ክፉ ቦታ የኋሊት ወረደችው። ሚስት ሚዛኗን ስታ ልትወድቅ ስትል ባል እጁን ከዕርቁ መንጭቆ በጃኬቷ ማንጠልጠያ ያዛት።

"ልቀቀኝ!" አለች፣ በጥርሷ መሃል።

"ምን አለች?" አሉ ጋሽ ይቅር፣ ውሃ እየተፉ።

"ያዘኝ ነው ያለችው፣ ጋሼ" አለ ባል።

"ተባረኩ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ማለት ይኼ ነው" አሉ። እሷ ፊቷን አዞረች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ውሃ ሁሉ የወንዙ አልነበረም።

ከወንዙ ወጥተው ልብሳቸውን ከቀየሩ በኋላ የጉዞው አስጎብኚ ዳገቱ ላይ ወዳለች መንደር ወሰደቻቸው። የሚጎበኙት የአንዲት አሮጊት ቤት ነበር። በግቢው ሁለት ጎረምሶች ትልቅ የውሃ ታንከር በገመድ እየሳቡ ወደ ብረት መቆሚያው ያወጣሉ። አንዱ ይጮሃል፣ ሌላው በባሰ ጩኸት ይመልሳል፣ የአንገት ሥሮቻቸው ተገትረዋል።

"ጋሼ ተዉ፣ ሥራ ላይ ናቸው" አለች የእህታቸው ልጅ።

"ልጄ፣ ጠብ በየትኛውም ቋንቋ ጠብ ነው" ብለው ሄዱ።

ሲያጌጡ ይመላለጡ ሆነ። ክቡርነታቸው ከመሃል ገብተው የሁለቱንም እጅ ጨበጡ። ጎረምሶቹ እንግዳ እጅ ሲዘረጋላቸው አለመጨበጥ ነውር መስሏቸው ነው መሰል፣ ገመዱን ለቀቁት። ታንከሩ ወረደ፤ ጎመኑን ደፈጠጠ፣ አጥሩን ይዞት ሄደ፣ ቁልቁለቱን ተንከባለለና ወንዙ ውስጥ ገባ። እነሱ ከወረዱት በተሻለ ሥርዓት፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። ጎረምሶቹ እየሮጡ ተከተሉት። መንደርተኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

አሮጊቷ ግን አልሳቁም። ጋሽ ይቅርን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩና አንድ ነገር ጠየቁ። አስጎብኚዋ ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ወደ አማርኛ የምትመልሰው የእህት ልጅ ናት። "ምንም አይደለም ነው የሚሉት" ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር።

"'ቆይ፣ መጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው ብለው ለምን አልጠየቁም?' ነው የሚሉት" አለች። አሮጊቷ ከተናገሩበት ድምፅ የእሷ ከፍ ይል ነበር።

ጋሽ ይቅር ኩም አሉ። ታንከሩ ከነተሰበረ ቧንቧው ተጎትቶ ሲመጣ ቀድመው ገመዱን ያዙ፤ አጥሩንም ሲያቆሙ ዋሉ።

በመመለሻው አውቶቡስ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ። መንገድ ላይ ሁለት መንገደኞች ተሳፍረው በመስኮት ወንበር ተጨቃጨቁ፤ ያውም ከጋሽ ይቅር አናት ላይ። የእህታቸው ልጅ ከኋላ ሆና ጠበቀች። ጆሯቸው አልቆመም። ወደ ውጭ ዛፉን ያያሉ። የዕድሜ ልክ ሥራቸው እላያቸው ላይ ቆሞ እየጮኸ፣ እሳቸው ዛፍ ያያሉ።

ቀኑን ሙሉ የተመኘችው ይህን ዝምታ ነበር። ሲመጣ ግን አልቻለችውም፤ አንጀቷን በሏት። ያ አድራቂ፣ ያ እጅ አያያዥ ሽማግሌ በልጅነቷ ከስንት ጓደኛዋ ጋር አስታርቋታል! ተነሥታ ሄደችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ እኔና እሱ ተጣልተናል።"

ዘወር ብለው አዩዋት። "እኔን ደስ ለማሰኘት ብለሽ ነው። ስትሳሳቁ አይደል እንዴ የዋላችሁት?"

ወደ ኋላ ዞረች። ባሏ ሰምቷል። እሷን አየ፣ የሽማግሌውን የጎበጠ ትከሻ አየ። ከዚያ ወንበር ወንበሩን እየያዘ መጣና ከአጠገባቸው ቆመ።

"እውነቷን ነው ጋሼ። በጣም ተጣልተናል።"

ከነጋ ጀምሮ ባልና ሚስት በአንድ ነገር ሲስማሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጋሽ ይቅር ቀና አሉ። እጆቻቸው በልማድ ተዘርግተው የሁለቱን እጅ ሊይዙ ደረሱና አየር ላይ ቆሙ። ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ መለሷቸው።

"እሺ" አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "ነገሩ ምንድን ነው?"

"ጋሼ፣ እኔ ያሰብኩት..." ብሎ ባል ጀመረ።

"አንተ ቆይ፣ እሷ ትናገር።"

ስለ ሱቁ ነገረቻቸው። ስለ መጀመሪያዋ የስፌት መኪና፣ ስለ ደንበኞቿ፣ "ጠቅልላ ትመጣለች" ስለሚለው ቃል። ባል መሬት መሬት ያይ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ "ይሄን አላውቅም ነበር" አለ። ጋሽ ይቅር አላቋረጧትም፤ ተሳሳሙም አላሉ። አውቶቡሱ ሆቴሉ በር ላይ ቆመ፣ መንገደኛው ሁሉ ወረደ፣ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ መጣና በእጁ ወደ በሩ አመለከታቸው።

"ቆይ አንዴ ልጄ" አሉት በአማርኛ፣ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው። "ገና አልጨረሰችም።"