ትርንጎ ጆሮ ያወጣች ሰሞን

ሰው የሚፈራው ነገር ብዙ ነው። ጅብ የሚፈራ አለ፣ መብረቅ የሚፈራ አለ፣ አማቱን የሚፈራማ ስፍር ቁጥር የለውም። እኔ የምፈራው ጆሮን ነው። አትሳቁብኝ። ጅብ እንኳ ከመምጣቱ በፊት ይጮኻል፤ ጆሮ ግን ድምፁን ሳያሰማ ከጎናችሁ ቁጭ ይልና፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ይሄዳል። የት እንደሄደ የምታውቁት በነጋታው በራችሁ ሲንኳኳ ነው። በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ ጠላ ቤት ከፍታችሁ ካልኖራችሁ ይህን ፍርሃት አታውቁትም። ባታውቁትም ምንም አልቀረባችሁ።

ጠላ አፍ ይከፍታል፤ ሥራው ነው፣ አልፈርድበትም። ደንበኛዬ ሞቅ ሲለው ስለ ኮታ እህሉ ይጀምራል፣ ከዚያ ጦር ሜዳ ተወስዶ ስላልተመለሰው ወንድሙ ይቀጥላል፣ እኔ ደግሞ ወሬውን ለመሸፈን ጣሳ ከጣሳ እያጋጨሁ ዕቃ የማጥብ እመስላለሁ። የእሱ አፍ በተከፈተ ቁጥር የእኔ ልብ ይዘጋ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ልቤ ሳይቆም መኖሬ ዛሬም ይገርመኛል።

ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን አንዲት ሴት መጥታ አንድ ነገር ስለጠየቀችኝ ነው። ጥያቄዋን ከመንገሬ በፊት ግን እናቷን ማወቅ አለባችሁ።

ይርገዱ የአጥር ጎረቤቴ ነበረች። ስትወለድም አልሰማችም፣ ስትሞትም አልሰማችም። ሰፈሩ "ድዳዋ" ይላታል። ድዳ! አሥር ጣቷ ከጧት እስከ ማታ የማያርፍ ሴት! ገበያ እየወጣች ጌሾ ትሸጣለች፣ የተረፈውን እኔ ዘንድ እየወቀጠች ጠላዬን ታግዘኛለች፣ እየወቀጠች እንኳ ዘነዘናውን አቁማ ታወራለች። ባሏ ሲሞት አንዲት ልጅ ትቶላት ነበር፣ ትርንጎ የምትባል። ትርንጎም እንደ እናቷ ሳትሰማ ተወለደች። ሰዉ "አይ የሷ ነገር፣ ሁለት ሆኑ" እያለ ከንፈሩን ሲመጥ፣ ይርገዱ ግን የምታወራት ሰው በቤቷ ስላገኘች ደስታዋን አትችለውም ነበር።

እኔም አብሬ ስውል እጃቸውን ለመድኩት። የቀበሌውን ሊቀመንበር ለማለት ሁለት ጣት ትከሻ ላይ ማድረግ ነው፤ የጠመንጃው ማንገቻ። አፈሳ ሲሆን የራስን ማጅራት ጨበጥ። ጋፋት ለማለት ጡጫን በመዳፍ ላይ መምታት፣ ድሮ ብረት የተቀጠቀጠበት አገር ስለሆነ። ከዚያ ዘመኑ ከፋ። ግድግዳውም አጥሩም የሚሰማ በመሰለን ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች አንድ በአንድ እጅ መማር ጀመሩ። ማንም "እንማር" አላለም። ፍርሃት መምህር አያስፈልገውም። ሳይቆይ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለን፣ አፋችን "እግዜር ያጥናሽ" እያለ እጃችን የቀበሌውን ጉድ ሁሉ ያወጣ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ደብረ ታቦር ላይ ልቡ ያሰበውን የሚናገር ሰው ቢኖር ከይርገዱ የተማረ ብቻ ነው።

እኔ የምናገረው ነገር ነበረኝ። ልጄ ሙሉቀን ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለግ እህቴ ዘንድ ጋፋት ልኬ፣ ከበረቱ ጀርባ ካለው ጎተራ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ጋፋት አፍንጫችን ሥር ነው፤ እዚያ ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር የለም ብዬ ነው። ይህን የምናውቀው እኔና እህቴ ነን። ይርገዱም። በይርገዱ በኩል ደግሞ ትርንጎ፣ ምክንያቱም ስናወራ በመካከላችን ተቀምጣ ጌሾ ስትለቅም ዓይኗ ከእጃችን አይነሳም። ልጅ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ይወራል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ለማን ትነግራለች? ከሰፈራችን ሴት በቀር እጇን የሚያነብ ማን አለ?

እንግዲህ ሾፌሩ ታከለ የመጣው ይሄኔ ነው። የይርገዱ ታናሽ ወንድም ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ የጭነት መኪና ይነዳል። ለእህቱ ልጅ ብሎ ደጅ ጠንቶ፣ ከሐኪም ሐኪም ተንከራትቶ፣ አንድ ሣጥን አምጥቷል። የክብሪት ፓኮ የምታህል ሣጥን ናት፣ ደረት ላይ ትንጠለጠላለች፣ ከሷ ቀጭን ገመድ ወጥቶ ጆሮ ውስጥ ይሰካል። ትርንጎ ላይ አንጠለጠለላትና ከጀርባዋ ሆኖ ድስት በማንኪያ መታ።

ልጅቱ ዞረች።

ግቢው በእልልታ ተናጋ። ትርንጎ በእልልታው ደንግጣ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች፣ ሁላችንም አለቀስን፣ ታከለም ወንድነቱን ረስቶ አለቀሰ። ያላለቀሰችው ይርገዱ ብቻ ናት። ሣጥኑን የጋለ ምጣድ እንደሚነካ ሰው በአንድ ጣቷ ነካ አድርጋ እጇን መለሰች።

"እትዬ ስንዱ፣ እስቲ ይንገሩልኝ" አለኝ ታከለ፣ እንባውን እየጠረገ። "ከእንግዲህ በእጅ አታዋራት። እጅ ካየች አፍ አታወጣም ብለውኛል ሐኪሞቹ። ለሷ ስል ነው፤ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ላስገባት ነው፣ ሰው ትሁን።"

ነገርኳት። ይርገዱ ወንድሟን ሳይሆን እኔን እያየች በእጇ መለሰች፣ "ታዲያ እኔ በምኔ ነው እናት የምሆናት?"

ይህን ለታከለ መተርጎም አቃተኝ። "እሺ ብላለች" አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይርገዱ ልጇ ፊት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ትቀመጥ ነበር። አፏን የዘጉባት ትመስል ነበር፤ ጌሾውን ስትወቅጥ እንኳ የምትበቀለው ሰው ያለ ይመስል ነበር አወቃቀጧ።

የሰፈሩ ደስታ ሳምንትም አልቆየ። መጀመሪያ አንዷ "ራዲዮ ነው እንዴ?" አለች። ሌላዋ "ራዲዮስ ያወራል፤ ይሄ እኮ ዝም ብሎ ነው የሚሰማው" አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠጋት! ትርንጎ ሣጥኗን አንጠልጥላ ብቅ ስትል አፍ ሁሉ ይዘጋል። በእጅ እንዳናወራ ደግሞ እሷ እጅ በማንበብ ከሁላችን ትበልጣለች። ስለዚህ ነጠላችንን ጉልበታችን ላይ ዘርግተን ከሥሩ እጃችንን እያንቀሳቀስን ማውራት ጀመርን፤ ምን እንዳወራን ግን ራሳችንም አናውቅም። ጆሮ ፈርተን እጅ ተማርን፣ ዓይን ፈርተን እጃችንን ሸፈንን፣ ከዚያ የቀረን የእግራችን ጣት ብቻ ነበር።

እኔ ሣጥኑን አልፈራሁም። ሣጥን አይናገርም። ልጅቱ ግን ትናገራለች። ገባችሁ? በአገሩ ሁሉ እጃችንን የምታነብ፣ ያነበበችውንም በአፏ ለቀበሌ ልትነግር የምትችል አንዲት ልጅ ተፈጠረች፤ እሷም የልጄን መደበቂያ ታውቃለች። ቃል ስትማር እየቆጠርኩ አልተኛም ነበር። ውሃ አለች። ዳቦ አለች። ድመት አለች። አንድ ቀን በራፌ ላይ ቆማ፣ በዚያ ጎርነን ባለ አዲስ ድምጿ፣ "ሙሉ" አለች፤ ድሮ አዝሏት ይዞር የነበረውን ልጄን መጥራቷ ነው። እንደ እናት ልቤ ሞቀ። ወዲያው እንደ ውሃ ቀዘቀዘ።

የፈራሁት ቀን በገበያ ቀን መጣ። ግቢው በጠጪ ሞልቶ፣ የሰፈሩ ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ አረፍ ብለው፣ ሊቀመንበሩ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ ገባ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ግን ክፉ አልነበረም፤ የሚላኩ ወጣቶች ቁጥር ጎድሎበት ከላይ የሚጮኹበት፣ እንደኛው የሚፈራ ሰው ነበር። የሚፈራ ሰው ደግሞ የበለጠ ያስፈራል። ጠላ አልጠጣም አለ። "ከዚህ ቤት የማትጠፋው ትርንጎ ትናገራለች አሉ፤ እስቲ ጥሯት" አለ።

መጣች። ከረሜላ ሰጣት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ በስብሰባ ላይ ድምፅ ማጉያ እንደያዘ ሁሉ፣ ደረቷ ላይ ወዳለችው ሣጥን ጮኸ።

"ትርንጎ! ሙሉቀን የት ነው ያለው?"

ሰምታዋለች፤ ፊቷ ላይ አየነው። ጠላ እየቀዳሁበት የነበረው ጣሳ ሞልቶ እጄ ላይ ይፈስሳል፣ እኔ ግን ማዘንበሌን ማቆም አቃተኝ። ትርንጎ ከረሜላውን በጉንጯ አዛወረችና ከንፈሯን ከፈተች።

"ሙ…" አለች።

ይርገዱ ሙቀጫው አጠገብ ቆማ ነበር። ጥያቄውን አልሰማችም፣ ግን ሊቀመንበሩን አየች፣ የልጇን ከንፈር አየች፣ የእኔን ፊት አየች። ያን ጊዜ እጇን ከነጠላዋ አወጣች። ምንም አልተናገረችበትም። አወጣችው ብቻ፤ በጌሾ አረንጓዴ የሆነ እጇን፣ ልጇ ታየው ዘንድ ደረቷ ላይ አደረገችው።

ትርንጎ ቃሏን ዋጠች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣ ስንት ወር ሙሉ ተከልክላ የኖረችውን እጇን አንስታ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፣ "ምን ልበላቸው?"

አስቡት። ግቢው ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ያን እጅ አንብባለች። አንዷ ብትስቅ፣ አንዷ "ኧረ እንዲህ ነው ያለችው" ብትል አለቀልን። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ።

"ምን አለች?" አለኝ ሊቀመንበሩ፤ ከእኔ ሌላ አስተርጓሚ አያውቅም።

"ገበያ አጠገብ የሚቆመው መኪና ላይ ሲሳፈር አይቻለሁ ነው የምትል" አልኩ። "በሐሙሲት በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው። ሲሄድ እጁን አውለበለበልኝ፣ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም ትላለች።"

"ያን ሁሉ? በዚያች በአንዲት የእጅ ውልብታ?"

"የእጅ ቋንቋ ቁጥብ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።" እንደ ስብሰባ አይደለም ልለው ነበር፣ እግዜር ያዘኝ።

አላመነኝም። "በአፍሽ ንገሪኝ፣ በአፍሽ!" ብሎ እንደገና ወደ ሣጥኑ ጮኸ። ትርንጎ ከጆሮዋ መሰኪያውን ነቀለች፣ ሣጥኑን ከአንገቷ አወጣች፣ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና ወደ እናቷ ሄዳ ነጠላዋ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲያ የቀበሌው ጩኸት የማይደርስበት ቦታ ነበረች።

ሊቀመንበሩ ሣጥኑን አገላብጦ አየው። ቀጥሎ ያደረገውን ማንም አልጠበቀም፤ መሰኪያውን በራሱ ጆሮ አስገብቶ ማዳመጥ ጀመረ። ምን እንደሰማ እንጃ። የዚያን ግቢ ዝምታ አጉልቶ ካሰማው ግን ፊቱ መገርጣቱ አይገርመኝም። ሣጥኑን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ፣ ሰዎቹን ይዞ ወጣ። ጋኑን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ከሴቶቹ መካከል ያን ቀን የሆነውን ለማንም የተናገረች የለችም፤ በአፍም በእጅም።

ሙሉቀን መንግሥት ሲወድቅ ከጎተራ ወጣ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አሳይቶኛል። ትርንጎን ታከለ እንዳለው አዲስ አበባ አስገባት። ይርገዱ ትሄድብኛለች ብላ ፈርታ ነበር፣ ሄደችባት። ግን በየክረምቱ ስትመለስ፣ መንገዱን ሁሉ ሣጥኗን አንጠልጥላ ትመጣና፣ እናቷ በር ላይ ስትደርስ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ጫማ አውልቆ ቤተ ክርስቲያን እንደ መግባት ነበር የምታደርገው። ይርገዱ እስክትሞት ድረስ እንዲሁ ነበር።

ሰሞኑን የመጣችው ሴት እሷው ትርንጎ ናት። ትንሽ ልጇን ይዛ ነው የመጣችው፤ ልጅቱም እንደ አያቷ አትሰማም። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል አሉ። ደረት ላይ የሚንጠለጠል አይደለም። ከጆሮ ጀርባ ቀደው ራስ ቅል ውስጥ ይተክሉታል፤ የላዩ ይወልቃል፣ የውስጡ እዚያው ይቀራል። ቶሎ ካልተደረገ አይጠቅምም ብለዋታል። የልጅቱ አባት ዘመዶች ከወዲሁ እልል ብለው ጨርሰዋል፤ ሐኪሞቹም ዘመዶቹም የሚጠብቁት የሷን ቃል ብቻ ነው።

ትርንጎ ዛሬ በአፏ ደህና አድርጋ ትናገራለች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ በአፏ ነው። ስትጨርስ ግን ልጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና እጇን አነሳች።

"ምን ልበላቸው?" አለችኝ።

የምትፈራውን አየሁ፤ እናቷ ፊት ላይ የማውቀው ነው። ብትከለክላት ልጇ አድጋ ለምን ከለከልሽኝ ትላታለች፣ ብትፈቅድላት ደግሞ ልጇ የእናቷ በር ስትደርስ የላዩን ብታወልቅ እንኳ የውስጡ አብሯት ሊገባ ነው። ያኔ ጠመንጃ ካነገቱ ሰዎች ፊት አንድ ሙሉ መኪና ከነመንገዱ ፈጥሬላት ነበር። እሱ ለውሸት ነው። ለእውነቱ እጄን ከነጠላዬ አወጣሁ፣ አነሳሁት፣ እዚያው አየር ላይ ቆመ።

ትንሿ ልጅ እጄን እያየች ትጠብቃለች።