ጋሽ ጥዑመልሳንና የሙዙ እናት

ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። ለአርባ ምንጭ የደረሷት ክቡር ጋሽ ጥዑመልሳን ናቸው። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ ወጡ፤ ማስተማሩ ግን አብሯቸው አልወጣም። "ከሥሩ እንጀምር" ካሉ ሰሚው ቀጠሮውን መርሳት ነው። ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያ ብቅ ሲሉ ባጃጅ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ሳይቀር "ሞልቷል" ይላል። ማሚቱም ትል ነበር። አንዴ ሳትል ቀርታ እስከ ኩልፎ ወንዝ ድረስ ስለ ትንኝ ሆድ ዕቃ ሰማች፤ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ማሚቱ ኩልፎ ዳር ከባሏ ከኢሳያስ ጋር ሙዝ ታለማለች። አምና ኢሳያስ አዲስ አበባ ሄዶ ከጭንቅላቱ ዕጢ ወጣለት፤ የጨረር ሕክምናውንም ጨረሰ። ዘንድሮ ዕጢው ተመለሰ። ማሚቱ ለማንም አልተናገረችም እንጂ "ትንሽ ተንቀሳቀስ" ብላ ማሳ የላከችው እሷ ናት። ፀሐዩ ነው የመለሰበት ብላ ከልቧ ታምናለች። እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ ካለ ሰንብቷል።

ጋሽ ጥዑመልሳን ሊጠይቁ መጡ። ኢሳያስ ተኝቶ ስለነበር ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጡና "ከሥሩ እንጀምር" አሉ። ዕጢው ውስጥ እንደ ዘር የሆኑ ጥቂት ሴሎች አሉ፤ ሌላውን የሚወልዱት እነሱ ናቸው። ከቢላዋም ከጨረርም ያመልጣሉ። በዘርነታቸው የሚያቆያቸው ደግሞ አንድ ፕሮቲን አለ። እዚህ ላይ ጣታቸው አየር ላይ ሥዕል ጀመረ።

"ጋሼ" አለች ማሚቱ፣ "እኛ የሙዙን ግንድ ስንቆርጥ እናቱ መሬት ውስጥ ትቀራለች። መልሳ ታበቅላለች። እንደዛ ነው?"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ አሳጥሮ የመለሰላቸው ተማሪ አልነበረም። "እንደዛ ነው" አሉ፣ ትንሽ ቅር ብሏቸው። "ፕሮቲኑን እናቲቱ እንዳትደርቅ የሚያደርጋት ውኃ በይው።"

"ታዲያ ማሳ ስለላክሁት አይደለም? ፀሐይ መትቶት አይደለም?"

"ፀሐይ ምን አገባው። እናቲቱ ድሮም እዚያው ነበረች። አንቺ አይደለሽም፣ ማሚቱ።"

ማሚቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ቆይታ "ውኃውን የሚዘጋ መድኃኒት አለ?" አለች።

ጋሽ ጥዑመልሳን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "በየቤተ ሙከራው እየፈለጉ ነው። ለኢሳያስ ይድረስ አይድረስ ግን አላውቅም።"

ይህቺን "አላውቅም" የምትል ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው በከተማው የለም። ማሚቱ ሌላውንም ሁሉ ያመነቻቸው በዚህችው ቃል ነው። ሲሄዱ ምሳ በላች።

በሳምንቱ የኢሳያስን መድኃኒት ገዝታ ሲቀላ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣለች። ጋሽ ጥዑመልሳን ብቅ አሉ። ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ "ሞልቷል" አለ።

ማሚቱ ጠጋ አለች። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ።"

እስከ ኩልፎ ድረስ ስለ ጉንዳን እግር ሰማች።