ሰምና አውራ ጣት

በአየርላንድ ሐይቅ ዳር ያለ መንደር ሁሉ፣ ቄስ ባይኖረው እንኳ አንድ የሰም ሊቀ ጠበብት አያጣም። የኛው ክቡር አቶ ፊንታን ታንሲ ናቸው። ሰው ሁሉ በፕላስቲክ ገመድ ዓሣ ሲያጠምድ እሳቸው ዛሬም በሐር ገመድ ነው። ሐር ደግሞ ሰም ካልጠገበ ውሃ ይጠጣና ይሰምጣል፤ ዓሣ ማታለያ እንድትሆን ከላባ የተሠራችውን ዝንብም ይዟት ይወርዳል።

ስለዚህ ሲቀቡ ይውላሉ። የንብ ሰምና የበግ ሞራ አቅልጠው በጫማ ቀለም ቆርቆሮ ይይዛሉ። አንዴ ገመዱን ከመጠጥ ቤቱ በር እስከ ፖስታ ቤቱ አጥር መንገዱን አሻግረው ወጥረው ሲቀቡ ቀብር መጣባቸው። "ትንሽ ታገሡኝ፣ ሁለት ክንድ ነው የቀረኝ!" አሉ። ሬሳ የጫነው መኪና ቆሞ ጠበቃቸው። ሟቹ መቼም የሚቸኩልበት ጉዳይ አልነበረውም።

እኔን በሃምሳ ሁለት ዓመቴ እንኳ ባዩኝ ቁጥር፣ "አንቺ ልጅ፣ ያ የልብስ ማስጫ ገመድሽ እንዴት ነው?" ይሉኛል። የፕላስቲኩን ማለታቸው ነው። ከዚያ ያው ስብከት፦ "በጨርቅ አይደለም፣ በአውራ ጣት! ሰም የሰው ሙቀት ይፈልጋል!"

ሚያዝያ ላይ ምርር አለኝ።

"እንወራረድ" አልኳቸው። "በግንቦቱ የዓሣ ማጥመድ ውድድር ከበለጡኝ ዓመቱን ሙሉ ገመድዎን እኔ እቀባለሁ። ከበለጥኩዎት ግን ስለ ሰም ትንፍሽ አይሉም።"

"ቃሌ ነው!"

የውድድሩ ለት እስከ ምሳ ሦስት ዓሣ ለሁለት መሩኝ። ሐር በምሳ ሰዓት ደርቆ እንደገና መቀባት አለበት። እሳቸው ግን ምሳቸውን ትተው የአንዲት ከደብሊን የመጣች ጀማሪ የሐር ገመድ ሲቀቡ ሰዓቱ አለቀ። "ታዲያ ሲሰምጥባት ዝም ብዬ ልይ?" አሉኝ ተቆጥተው። ከሰዓት የራሳቸው ገመድ እንደ ራሰ ካልሲ ሰመጠ። አምስት ለሦስት ረታሁ።

እናም ዝም አሉ። ለካ ሌላ ወሬ የላቸውም! መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን ብድግ አድርገው ማለፍ ብቻ። ተገላገልኩ አልኩ። ውሸቴን ነው፤ መንደሩ ጭር አለብኝ። ናፈቁኝ፣ ምን ልደብቅ!

በሦስተኛው ሳምንት የአባቴን አሮጌ የሐር ገመድ ከቆጥ አውርጄ እደጃፋቸው አጥሩ ላይ ወጠርኩት። ሰሙንም በማንኪያ ጀርባ እንደ ቅቤ እለቀልቀው ጀመር። በሩ ተከፈተ። አዩኝና ጥርሳቸውን ነከሱ። እኔ ሌላ ማንኪያ ሙሉ ዛቅሁ።

"ኧረ በማርያም! በማንኪያ?! አንቺ ልጅ፣ በአውራ ጣት!"

"ቃልዎስ?"

"ቃሌን ዓሣ ይብላው! አምጪ ጣትሽን!"

ሰጠኋቸው።