ከአራት ቁጥር ጋር አሥራ አንድ ዓመት

ጡረታ የወጣ ባል ቤት ውስጥ የት እንደሚቀመጥ የሚያስተምር ሰው የለም። ስንት ዘመን ጠዋት ወጥቶ ማታ ሲገባ የኖረ ሰው አንድ ሰኞ ድንገት ሳይወጣ ይቀራል። ቤት ስትጠርጉ እግርህን አንሣ ትሉታላችሁ፤ ያነሣል። ወንበርህን ወዲያ አድርግ ትሉታላችሁ፤ ያደርጋል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከተነሣና ከተቀመጠ በኋላ ሥራ መፈለግ ይጀምራል። ሶዶ ውስጥ ከማውቃቸው ጡረተኞች አንዱ የድንበር ክስ ጀመረ። ሌላው የቸርች ኮሚቴ ገብቶ ኮሚቴው ላይ ጸሎት አበዛበት። አንዱ ደግሞ መናኸሪያ በር ላይ ተቀምጦ፣ ማንም ሳይቀጥረው፣ የአረካን ሚኒባሶች ይቆጣጠራል። የእኔው ባል፣ መምህር ጮራሞ፣ የመድፍ ጥይት ማፈንጃ መሰብሰብ ጀመረ።

ቀስ በሉ፣ አስረዳለሁ። የመድፍ ጥይት አፍንጫ ላይ የምትገጠም፣ ጥይቱ የት ደርሶ እንደሚፈነዳ የምትወስን የነሐስ ቁራጭ አለች። በጣሊያን ጊዜ በእነዚህ ኮረብቶች ላይ ብዙ ተተኩሷልና ገበሬው ለጎደሬ ሲቆፍር ዛሬም ከአፈር ጋር ትወጣለች። ባሌ ታሪክ አስተማሪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ጦርነትን በጠመኔ ሲስል ኖሮ፣ አንድ ገበሬ የመጀመሪያዋን በእጁ ሲያስይዘው ሰውየው ዳግም ተወለደ።

ሥርዓት ነበረው። ፖሊስ አይቶ ባዶ ነው ያላለውን አያጸዳም። ባዶ ነው የተባለውን ግን በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ በላምባ ይነክራል፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያሻል፣ በሎሚና በአመድ ይፈትጋል። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ቀለበቷ ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች እያነበበ በየትኛው ዓመት እንደተሠራች፣ የየት አገር እንደሆነች በደብተር ይጽፋል። ሎሚውና አመዱ የእኔ ነበሩ። የማጀቱ ደፍ ላይ ይቆምና እጁን ብቻ ወደ ውስጥ ይሰዳል።

«የሐና እናት፣ ሎሚ አቀብዪኝ።»

«ገብተህ አታነሣም?»

«እዚህ ደርሻለሁ፣ ምን አለበት።»

አይገባም። እናቱ ወንድ ልጅ ማጀት ከገባ ጢም አያበቅልም ብላ አሳድጋዋለች። ጢሙ ከሸበተ በኋላም አልደፈረም።

ከተማው ስም አወጣለት፤ ቁራሌው መምህር። እሱ ይስቃል። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ገበያ ላይ ስሰማው ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ቀን ከአረካ መንገድ ያገኛትን ማፈንጃ ሊያስመዘግብ ጣቢያ ሲሄድ ተረኛው ጓደኞቹን ጠርቶ፣ «መምህር፣ ብረቱን ይተዉትና ጡረታዎን አርፈው ይብሉ፤ ለማንኛውም ሰኞ ይምጡ» ብሎ አሳቀበት። ተመልሶ መጣ። ያን ቀን ምሳ አልበላም።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። በዚያው ሳምንት የዳጣ መውቀጫ ዘነዘናዬ ተሰነጠቀች። ሶዶ ተቀምጣችሁ ዳጣ የሌለበት ሥጋ ለእንግዳ ማቅረብ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እንግዳው ይበላል፣ ግን ይቅር አይልም። ከጓሮው አጥር ሥር አንድ ጣሳ ተደፍቶ፣ በላዩ ድንጋይ ተጭኖ አየሁ። ሳነሣው አንዲት ቡናማ፣ ከላይ ሾጠጥ፣ ከታች ደልደል ያለች ብረት። እጄ ላይ ስትቀመጥ ለቃሪያ፣ ለነጭ ሽንኩርትና ለዝንጅብል ተብላ የተፈጠረች ትመስላለች። ከሰበሰባቸው ሁሉ አስቀያሚዋ ስለሆነች አይፈልጋትም አልኩ። ንጽሕና እወዳለሁና በሳሙና ሦስቴ አጠብኳት። አልበቃኝም። ቀቀልኳት።

ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ወቀጥኩባት። ዳጣዬ ስም አወጣ። ለልጃችን ለሐና ሰርግ፣ ለዘማሪዎች ምሳ፣ ከሌላ አገር ተመድበው ለመጡ ሐኪሞች ሳይቀር ቀረበ። መምህር ራሱ ጣቱን እየላሰ፣ «የዘንድሮው ደግሞ ኃይል አለው» ይል ነበር።

በእነዚያው ዓመታት ባሌ ዕቃ መፈለግ አመጣ። ከአልጋ ሥር ይገባል። የዶሮዎቹን ቤት ያፈርሳል። የማገዶውን ክምር አንድ በአንድ አውርዶ መልሶ ይከምራል። እንሰቱን ዙሪያውን ቆፈረው። ምን ጠፋብህ ስለው መነጽሬ ይላል። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነው። ፈርቼ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ወጣቱ ሐኪም ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ብሎ ጠየቀው። መምህር ቀኑን ነገረውና በዚያ ቀን በዓለም ላይ የተደረገውን ጦርነት ሁሉ ይተርክለት ጀመር። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ማዘር፣ እኔ ነኝ መታከም ያለብኝ» አለ።

መምህር ባለፈው ዓመት አረፈ። ሞቱን እዚህ አልጽፍም፤ እሱን መጻፍ ገና አልቻልኩም። ዘንድሮ የድሮ ተማሪው፣ አሁን ርዕሰ መምህር የሆነው፣ ስብስቡን ትምህርት ቤት እናስቀምጠው ሲለኝ የማፈንጃዎቹን ስም ልገለብጥ ደብተሩን ገለጥኩ። ዳጣ እየወቀጥኩ ስለነበር ገጹን በክርኔ ነው የገለጥኩት።

«ቁጥር 4። ከአረካ መንገድ። አልተተኮሰም፤ ውስጡ ባዶ አይደለም ብዬ አምናለሁ። አይነካ። በጣሳ ተከድኗል፤ ሰኞ ለፖሊስ።»

ከሥሩ በሌላ ቀለም፦ «ጠፋ።»

ከሥሩ፦ «ለሐና እናት አልነገርኳትም። ከነገርኳት ሁሉንም ታስጥለኛለች።»

አስጥለው ነበር።

ከዚያ ገጹ ሙሉ የፈለገባቸው ቦታዎች ናቸው፤ አልጋ ሥር፣ ዶሮ ቤት፣ ማገዶ፣ እንሰት። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «የቀረው ማጀት ብቻ ነው። እዚያ ሊሆን አይችልም።»

ዘነዘናዬን አየኋት። ሙቀጫው ውስጥ፣ ሽንኩርት ተለቅልቃ፣ ጋደም ብላለች። ንጉሥ ፊት እንደቆመ ሰው ወደ ኋላዬ እየሄድኩ ወጣሁና ጎረቤቴን አስቴርን በአጥር ላይ ጠራኋት። ነገርኳት።

«ለዘማሪዎቹ ምሳም በእሷ ነበር የወቀጥሽው?»

«በእሷ ነበር።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሁለት ጊዜ አስጨምሬሻለሁ እኮ።»

ፖሊስ መጣ፣ ገመድ ተወጠረ። የመከላከያ ባለሙያ እስኪደርስ ሁለት ቀን አስቴር ቤት ተቀመጥኩ። ቤቷ ለለቅሶ እንደመጣ ሰው ይሞላል፤ ያልመጣው ዳጣዬን ስንት ጊዜ እንደቀመሰ ቤቱ ሆኖ የሚቆጥረው ነው። «ባዶ ነው፣ አይዞሽ» ይሉኛል። «ቁራሌው መምህር ደግሞ፣ ጌታ ያሳርፋቸውና፣ ምን ያውቁ ነበር?»

እዚህ ላይ ልቤ ተከፈለ። ባዶ ከሆነች እኔ ነጻ ነኝ፤ የጠፋው የአንድ ቁራሌ ብረት ነው። ባዶ ካልሆነች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግማሹን ሶዶ ሞት ደጃፍ አስቀምጬ አብልቻለሁ፤ ግን ባሌ ያወቀ ሰው ነው። አስቴር ጓዳ ተንበርክኬ፣ «ጌታ ሆይ፣ እባክህን የምትፈነዳ አድርጋት» አልኩ። በእኛ ቸርች እንዲህ ያለ ጸሎት ተጸልዮ አያውቅም።

ባለሙያው ቀጭን ሃምሳ አለቃ ነው። ደብተሩን አንብቦ ገባ፤ ማጀቱ ውስጥ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ግንባሩን አልቦታል።

«እማማ፣ ይህን የጻፉት ሰው የት ነው የሠለጠኑት?»

«ስድስተኛ ክፍል ታሪክ ሲያስተምር።»

«ትክክል ናቸው። አንድም የተሳሳቱት ነገር የለም።» ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና፣ «ግን ላይዋ ላይ ያለው ምንድን ነው? ዓይኔን አቃጠለኝ» አለ።

በአሸዋ ሳጥን አድርገው ከከተማው ወጣ ወዳለ የድንጋይ ካባ ወሰዷት። እኛ ከሩቅ ቆመን ጠበቅን። ያን ቀን ጣቢያ በባሌ ያሳቀበት ተረኛ፣ አሁን ጸጉሩ ገባ ያለ ሰው ሆኖ፣ ከጎኔ ቆሟል። ጧ አለ። ሃምሳ አለቃው ድምፁ በአብዛኛው እሷን ለማፈንዳት የምናኖረው የራሳችን ፈንጂ ነው ብሎ አስቀድሞ ነግሮናል፤ ከተማው ግን ይህን አልሰማም፤ ለመምህር ነው የሰጠው። ተረኛው ኮፍያውን አወለቀ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሰዎቹ ደነገጠች ብለው ውኃ አጠጡኝ።

ቤት ስመለስ ደብተሩን አወጣሁና «ጠፋ» ከሚለው ሥር በእጄ ጻፍኩ፦ «ተገኘ። ማጀት ነበር።» ብዙ ነገር ልጨምር አስቤ ነበር። አንድ ቀን ሽንኩርት ልላጥልሽ ብለህ ብትገባ ኖሮ፣ እኔም ያን ጣሳ ከማንሣቴ በፊት ብጠይቅህ ኖሮ ልል። ተውኩት፤ መስመሩ አልቆ ነበር።

አሁን በእንጨት ነው የምወቅጠው። ዳጣው እንደ ድሮው አልሆነም ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ኃይል የለውም። እሁድ ሐና ከባሏ ጋር መጣች። ጥሩ ልጅ ነው፣ ባንክ ነው የሚሠራው። ምሳ ልናቀርብ ስንል መጥቶ የማጀቱ ደፍ ላይ ቆመ፤ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ።

«እማዬ፣ ጨው አቀብዪኝ።»

ቀና ብዬ እጁን አየሁት።

«ግባና አንሣ» አልኩት።