የመጋዘኑ ሰው

የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራው የሚባረረው ሥራ የሠራ ቀን ብቻ ነው። ካላመናችሁ የስልሳ ስድስቱን ረሃብ ቆቦ ላይ ያሳለፈ ሰው ጠይቁ… እኔን ማለቴ ነው።

ያኔ ከተማችን ውስጥ የእርዳታ ስንዴ የታጨቀበት የመንግሥት መጋዘን ነበረ። የመጋዘኑ ሹም ቁልፉን ለዘበኛው ለሰይድ ጥሎ፣ የማደያ ፈቃድ ላምጣ ብሎ ደሴ ወጣና እዚያው ቀረ። ውሎ አበሉ ጣመው መሰለኝ። ነቀዝ ያለ ፈቃድ ስንዴውን ሲያደቅቀው፣ ከዋጃ በእግሯ የመጣች እናት ከነልጆቿ በሩ ላይ ተዘርራለች። ሰይድ አንድ ጧት አላስችል አለውና ከፍቶ አደለ።

ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሁለቱም ተከሰሱ፤ አንዱ በማስነቀዝ፣ አንዱ በማብላት። ሹሙ ቋሚ ነዋ! ክሱ ይደርሰዋል፣ መልስ ይሰጣል፣ ጉባኤ ይሰማዋል፣ እስከዚያ ከወንበሩ ቢነሳም ደመወዙ አይነካም። ሰይድ ግን ጊዜያዊ ነው፤ የዘበኛ ካፖርቱን ገፈው አስወጡት። የልጆች አባት በዚያ ዓመት እንጀራውን ሲያጣ ምን እንደሚከተል እናንተው ታውቁታላችሁ።

ለሰይድ ሽማግሌ ሆነን የሁለቱም አለቃ ዘንድ ሄድን። በእኛ ወግ ሽማግሌ «ምሬያለሁ» ሳያስብል አይቀመጥም፤ የአጥፊውንም ስም ቀድሞ አይጠራም፣ ነውር ነው። መሪያችን ሼህ እንድሪስ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ በመጋዘኑ ሰው የተቀየሙትን ለአላህ ብለው ይተዉልን አሉ። አለቃው ማሰቢያ ጊዜ እንኳ አልፈለገም።

«ለእናንተ ስል ምሬዋለሁ። ነገ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ።»

መረቅን፣ አሚን አልን። እኔ ችኩሉ፣ ካፖርቱስ ዛሬ ይመለስለታል ወይ አልኩ።

«የምን ካፖርት?»

ጥርሷን ሳላይ ፍየል ገዝቼ የማላውቀው ነጋዴ፣ ዕቃውን ሳላሳይ ገበያ ጨርሼ አረፍኩት! የማረው ሹሙን ኖሯል። ለካ ሰበብ ሲያጣለት ከርሞ እኛው እግራችንን አንስተን ወሰድንለት።

ሼህ እንድሪስ እንደገና ተነሱ። እንግዲያው ሰይድንም ይማሩልን ብለው ለመኑ።

«አባቴ፣» አለ አለቃው ከልቡ እያዘነልን፣ «እሱን እኮ ማንም አላባረረውም፤ ጊዜያዊ ሰው መዝገብ ላይ የለም። ደንቡ ለተባረረ ነው። ያልተባረረን ሰው ምን ብዬ ልመልስ?»

ሰይድ ደጅ ቆሞ ሲጠብቀን አገኘነው።

«ማሩኝ?» አለኝ።

ምላስ የተረፈኝ እኔ ነኝ።

«ምረዋል፣ ሰይዶ። አንተ ግን ገና አልተባረርክም አሉ።»