ዳማን ስንጠራው

ውሻ ይታሠራል፤ ይፈታል፤ ይጮኻል፤ ሲርበው ይመጣል። በደብረ ታቦር የምናውቀው የውሻ ትምህርት ይኸው ነው። ውሻ በአስተማሪ ፊት ተቀምጦ የሚማርበት አገር እንዳለ ብሰማም፣ በእኛ ሰፈር ውሻን ከሄደበት የሚመልሰው ፍርፋሪ ሲደፋ የሚሰማው የሳህን ድምፅ ብቻ ነው። ይህን የምላችሁ ሳላውቅ አይደለም። የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። ከቤት ቤት እየዞርኩ በር አንኳኳለሁ፤ ከሰው በፊት የሚመልስልኝ ውሻ ነው። የትኛው ጮኾ እንደሚተው፣ የትኛው ዝም ብሎ እንደሚነክስ፣ የትኛው ደግሞ ባለቤቱ "ግባ፣ አይነክስም!" እያለ እንደሚነክስ አውቃለሁ። የመጨረሻው ዓይነት ይበዛል።

ቀኑን ሙሉ ውሻ ሲጮህበት የዋለ ሰው ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ውሻ ላስተምር ቢል፣ ምን ነካው ትሉ ይሆናል። እኔም እላለሁ። ግን እንዲህ ሆነ።

ባለቤቴ ትርንጎ በጥር ታመመች፤ ጥር ሳያልቅ ሞተች። ከዚህ በላይ ብጽፍ እንደማልጨርሰው ስለማውቅ እዚሁ ላይ ልተወው። ልጃችን ቤዛ አምስት ዓመቷ ነው። ለቅሶው እስኪያልፍ አንበሳሜ ከተማ ያለ ዘመድ ቤት ወስደው አቆዩልኝ። ስትመለስ "እናትሽ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ናት፤ ሲሻላት ትመጣለች" ተባለች። ያሉት የትርንጎ አክስት እትዬ ጥሩ ናቸው። ልጅቱን ላሳድግ ብለው የራሳቸውን ቤት ዘግተው እኛ ዘንድ የገቡ ሴት ስለሆኑ ቃላቸውን የሚመልስ የለም።

"መርዶ ወግ አለው። ለልጅ ሲሆን ደግሞ ጊዜ አለው" አሉ።

አገራችን እንዲህ ናት። ለትልቅ ሰው እንኳ መርዶ የሚነገረው ገና ከመኝታው ሳይነሣ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው። እስከዚያ ድረስ የሞተው ሰው "ትንሽ አሞታል" ይባላል። የሚሻለው የቱ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ዛሬም በደንብ አልገባኝም። ብቻ ከባሕር ዳር የሚመጣ ሚኒባስ ጥሩንባውን በነፋ ቁጥር ልጄ ወደ አጥሩ በር ትሮጥ ነበር።

ዳማ የትርንጎ ውሻ ነው። ቡችላ ሳለ ከአባቷ ቤት በዘንቢል ይዛው መጣች፤ በመልኩ ዳማ አለችው። አጨብጭባ "ና ዳማዬ!" ካለችው ከየትም ይመጣል። ከጓደኞቹ መሀል ይመጣል። አጥንት ጥሎ ይመጣል። የለቅሶው ድንኳን የተተከለ ጊዜ ግን በሩ ክፍት ዋለና ዳማ ወጣ፤ ከቤታችን በታች ካለው ሜዳ ውሾች ጋር ገጠመ፤ በዚያው ለመደ። ከእነሱ ጋር ሳለ ብትጠሩት ጆሮ የለውም። የሚመጣው ደስ ሲለው ነው፤ አንዳንዴም ከጨለመ በኋላ። ሲጨልም ደግሞ በእኛ በኩል ጅብ አለ። ቤዛ አመሻሹ ላይ በሩን ይዛ ቆማ ታለቅሳለች።

"ዳማም ባሕር ዳር ሄደ?" አለችኝ አንድ ቀን።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የውሻ ነገር መሆኑ ቀረ። ከዚህ ቤት የወጣ ሁሉ አይመለስም ብላ እንዳታምን ፈራሁ። ሌላው ቢቀር አንዱን፣ ስንጠራው የሚመጣ ማድረግ አለብኝ አልኩ።

ስልኬን ጠየቅሁ። አማርኛው ጥሩ የሆነ አንድ ወጣት በቪዲዮ መጣልኝ፤ የቆመበት ሣር ግን ምንጣፍ እንጂ ከብት የረገጠው ሜዳ አይመስልም። ውሻ ከሌሎች ውሾች ጋር እየተጫወተ ሳለ ተጠርቶ እንዲመጣ እንዴት እንደሚሠለጥን ያስረዳል። ሥጋ ይያዙ ይላል። በትንሽ በትንሹ የተቆረጠ፣ የሚሸት ሥጋ፤ ውሻው በመጣ ቁጥር አንድ ቁራጭ። መልካም። ይህን ያየሁት ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነው። ሥጋ ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ባለሥጋ ቤቱ ራሱ ሽሮ ይበላል። በዚህ ወቅት "ሥጋ የት ይገኛል?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያገኝም፤ ከላይ እስከ ታች ይታያል እንጂ።

ሥጋ ያለው አንድ ቦታ ነበር። ትርንጎ ለገና ከገባንበት ቅርጫ ዘልዝላ ያደረቀችው ቋንጣ፣ ጓዳ ውስጥ በባለክዳን ጣሳ ተቀምጧል። "ይሄ ለፋሲካ ነው" ብላ ነበር። እትዬ ጥሩ ከልጄ ቀጥሎ የሚጠብቁት እሱን ነው። እኔ ከገዛ ጓዳዬ ጥቂት ሰረቅሁ፤ በርበሬውን በውኃ አጠብኩ፤ ቆራርጬ ኪሴ ከተትኩ። ማባከን ይሁን ቁም ነገር ላይ ማዋል አልገባኝም። ለውሻዋ ነው፤ እሷም ብትኖር ትሰጠው ነበር። ግን ለፋሲካ ነው ብላለች።

ሌላው ትምህርት የባሰ ነው። "ከሌሎቹ ውሾች ይልቅ እርስዎ አስደሳች ይሁኑ" ይላል ወጣቱ ምንጣፉ ላይ ቆሞ። በደስታ ድምፅ ይጥሩት፤ እያጨበጨቡ፣ እየሳቁ ከእሱ ይሽሹ፤ ያኔ ይከተልዎታል። እስቲ እኔን አስቡኝ። ጥቁር ለብሻለሁ። ጢሜን አልተላጨሁም። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ይለኛል። በጾም፣ ቋንጣ በኪሱ ይዞ፣ ሜዳ መሀል እያጨበጨበ "ና ዳማዬ! ና! ጎበዝ!" እያለ የሚሮጠው እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

ጎረቤታችን ሃምሳ አለቃ፣ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ አጥራቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩ።

"ምን ሆነህ ነው ልጄ?" አሉ።

"ውሻ እያሠለጠንኩ ነው ጋሼ።"

"ውሻው የታለ?"

"ያውና፣ ከእነዚያ ጋር።"

ውሻውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። "እኔ እንደማየው የሚሮጠው አንተ ነህ" አሉ።

በማግስቱ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ መጣ፤ እንደገና ሊያጽናናኝ። አንዷ "ጠበል ይወሰድ" አለች። ሌላዋ አጠገቤ ተቀምጣ ወደ ኪሴ ዘንበል እያለች ስታሸት ነገሩ ገባኝ፤ ሐዘን ጾም አስፈታው ብላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ አብዷል የሚሉና ሥጋ በልቷል የሚሉ።

ከወጣቱ ትምህርት አንዱን ግን ወደድኩለት። ውሻውን በከንቱ አትጥሩት ይላል። እንደማይመጣ እያወቃችሁ ደጋግማችሁ ከጠራችሁት ስሙ ባዶ ድምፅ ይሆንበታል። እንደሚመጣ እርግጠኛ ስትሆኑ ብቻ ጥሩት። ይህን ለቤዛ እንደ ሕግ ነገርኳት።

"የማይመጣ ከሆነ አንጠራውም። እሺ?"

"እሺ" አለች። ልጆች ሕግ ይወዳሉ። ምን ላይ እንደሚያውሉት ግን አይነግሯችሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤዛ ጋር ወደ ሜዳው ወረድን። አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ያንን ሳምንት ቆጣሪ ያነበብኩት ቋንጣው ኪሴ ውስጥ እያለ ነው፤ አንዳንድ ግቢ ውስጥም ለሰላም ስል ቁራጭ ጣል አድርጌ አልፌያለሁ። ይህን ያስታወስኩት ከመጣራቴ በኋላ ነው። ነፋሱ ከእኛ ወደ ውሾቹ ነበር። "ዳማ! ና ዳማዬ!" አልኩ፤ የቀረችኝን ደስታ ሁሉ አውጥቼ።

መጡ። የወፍጮ ቤቱ አንካሳ ውሻ መጣ። ባለፈው ሱሪዬን የቀደደው የመምህሩ ነጭ ውሻ መጣ፣ ያውም ጭራውን እየቆላ። ባለቤት ያላቸው የማይመስሉ ሁለት ቡችሎች መጡ። መጥተውም ከፊቴ እንደ ተማሪ ቁጭ አሉ። ዳማ ብቻውን ሜዳው መሀል ቀረ። ጓደኞቹ ለምን ጥለውት እንደሄዱ ግራ ገባው መሰለኝ፤ እኛን አየ፣ እነሱን አየ፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደ ባሕር ዛፉ ገባ።

ቤዛ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከጥር ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ ሳቋ በድንገት ቆመ።

"አባዬ፣ ጠራኸው፤ አልመጣም።"

"አዎ።"

"ካሁን በኋላ አንጠራውም?"

"እንጠራዋለን፤ ትንሽ ቆይተን።"

የአንዱን ቡችላ ጆሮ ስትደባብስ ቆየችና፣ "እማዬንም የማትጠሯት ስለማትመጣ ነው?" አለችኝ።

ልጅቱ እውነቷን ነው። ከቀብር ወዲህ በቤታችን የትርንጎ ስም ተነሥቶ አያውቅም። እትዬ ጥሩ ሲጨንቃቸው "ያቺ ልጅ" ይላሉ። እኔ እሱንም አልልም። ልጄን የጠበቅናት መስሎን ነበር። እሷ ደግሞ ሚኒባስ ብቻ የምትጠብቅ መስሎን ነበር፤ ለካ የእናቷንም ስም ስትጠብቅ ኖራለች። እንግዲህ እትዬ ጥሩ ማለዳ ቀጥረው፣ ሽማግሌ ሰብስበው ሊያደርጉት ያሰቡት ነገር፣ በጠራራ ፀሐይ ሜዳ መሀል እኔ ላይ ወደቀ። እጄ ላይ ቋንጣ አለ። ዙሪያዬን ውሾች ተቀምጠዋል።

"አዎ፣ አትመጣም" አልኳት።

"ሲሻላትስ?"

"አልተሻላትም። ሞታለች።"

ውሾቹ እጄን እጄን ያያሉ።

"ዳማስ?"

"ዳማ ይመጣል።"

"በምን አወቅህ?"

"ይርበዋል።"

"እማዬ አይርባትም?"

"አይርባትም።"

ከዚያ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ውሾቹ ይህ የትምህርቱ ክፍል ይሁን አይሁን ስላልገባቸው ትንሽ ጠበቁን፤ ከዚያ እየተነሡ ሄዱ።

ቤት ስንገባ እትዬ ጥሩ ፊታችንን አይተው "ምን አልካት?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"አንተ ልጅ! መርዶ ሜዳ ላይ ይነገራል? ያለ ሽማግሌ? በውሻ ፊት?" ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ለቅሶ ጀመሩ። ቤዛ ጉልበታቸው ላይ ወጣችና ጀርባቸውን መታ መታ እያደረገች፣ "አይዞዎት እትዬ፤ እማዬ እኮ አይርባትም" አለቻቸው። እትዬ ጥሩ ለቅሷቸውን አቋርጠው አዩኝ። ማን ማንን እንደሚያጽናና ሁለታችንም ጠፋብን።

የቀረውን ቋንጣ ጣሳው ውስጥ መለስኩት። ለፋሲካ ነው። ሥልጠናዬ ግን ጨርሶ ከንቱ አልቀረም፤ በዚያ ሳምንት የዞርኩባቸው ግቢዎች ውሾች አሁን አይጮኹብኝም፣ ኪሴን እያሸተቱ እስከ ቆጣሪው ይሸኙኛል። የሰው ውሻ ሁሉ በጥሪዬ ይመጣል። የቀረኝ የራሴ ነው።

በቀደም አመሻሽ ላይ ቤዛ በሩ ላይ ቆማ ስትጣራ ሰማኋት። ዳማን መስሎኝ ነበር። "እማዬ!" ነው የምትለው። ሳታለቅስ፣ ጎረቤት እንደምትጠራ ሁሉ።

"ቤዛዬ፣ አትመጣም ብዬሽ የለ?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ የማይመጣ አንጠራም አላልንም? ሕጋችንስ?"

"እሱ የውሻ ሕግ ነው" አለችኝ።

አጠገቧ ቆምኩ። ሃምሳ አለቃ በአጥራቸው በኩል እያዩን ነው፤ ይዩ። ከቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ትርንጎ!" አልኩ።

ዳማ ከጓደኞቹ መሀል ቀና አለ። ጆሮውን አቆመ። እየሮጠ መጣ እንድላችሁ ትፈልጉ ይሆናል። አልመጣም። ቆሞ በሩን ሲያይ ቆየና ወደ ጨዋታው ተመለሰ።

ሊጨልም ሲል መጣ። ርቦት ነበር።