አያ የሻውን የሚለምን ጠፋ

ጎንደር ውስጥ ሱቅ ከፍቶ አኩራፊ ደንበኛ ያልገጠመው ነጋዴ ካለ፣ ወይ ሱቁን የከፈተው ትናንት ነው፣ ወይ ይዋሻል። አኩራፊ ከተከራካሪ ይለያል። ተከራካሪ ዋጋ ቀንሱልኝ ይላል፤ አኩራፊ የሚፈልገው መለመን ነው። ዕቃ ያዝዛል፣ ይከፋዋል፣ "ይቅርብኝ!" ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ቤቱ ተቀምጦ የሚለምነውን ሰው ይጠብቃል።

የአኩራፊዎች ማኅበር ቢቋቋም ሊቀ መንበርነቱን ያለተቀናቃኝ የሚይዙት ከጎንደር ወጣ ብሎ ካለው ከኮሶዬ የሚመጡት አያ የሻው ናቸው። ሻጯ መስከረም፣ አራዳ ሰፈር ባለው የማንያዘዋል የሕንፃ መሣሪያ መደብር ትዕዛዝ እየተቀበለች በቆየችባቸው ሰባት ዓመታት፣ ክቡርነታቸው ያላኮረፉበት ምክንያት አልቀረም። ከወንበሯ ሳትነሣ ሰላም ስላለቻቸው ሚስማር ሰርዘዋል። ከእሳቸው በኋላ የመጣን ሰው ቀድማ ስላስተናገደች በር ሰርዘዋል። ስለ ላሞቻቸው ሳትጠይቅ በቀረችበት ቀን ደግሞ አካፋ። "ሰርዙት! የሻው ያለናንተ ዕቃ አይሞትም!"

መስከረም "እሺ አያ፣ ተሰርዟል" ትልና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ታስገባዋለች። ሁለት ቀን እንዲያኮርፉ ትተዋቸዋለች፤ ከዚያ ፈጥኖ መደወል ኩርፊያቸውን መናቅ ነው። በሦስተኛው ቀን ስልክ ታነሣለች።

"አያ፣ ምነው ጨከኑብን? በሞቴ!"

"አንቺማ ምን በደልሽኝ" ይላሉ፣ ድምፃቸው እየለዘበ። "በይ እንግዲህ፣ ላንቺ ስል ነው።"

ዕቃው ይጫናል። ሁለቱም ያን ቀን ደስ ብሏቸው ይውላሉ።

ዘንድሮ በግንቦት ያዘዙት ግን ሚስማር አልነበረም። ልጃቸው እንኳየሁ ከባሏ ተለያይታ ሁለት ልጆቿን ይዛ ተመልሳ ነበር። አያ የሻው ከግቢያቸው ጥግ ቤት አቆሙላት፤ እንኳየሁም ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክታ፣ ግድግዳውን በገዛ እጇ መረገችው። የቀረው ቆርቆሮ ነበር። ሰኔ ሳይገባ ካልለበሰ የኮሶዬ ዝናብ ያን ሁሉ ምርጊት አጥቦ ይወስደዋል።

በዚያው ወር የመደብሩ ባለቤት ማንያዘዋል ዘመናዊ ሆነ። ደረሰኝ በሚቆርጠው ሶፍትዌር ላይ ኤአይ የሚሉትን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አስገጠመ። ስልክ ያነሣል፣ ትዕዛዝ ይመዘግባል፣ ይሰርዛል፤ የተሰረዘውንም ዕቃ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ያስተላልፋል። ሊገጥም የመጣው ባለሙያ፣ ዝማሬ፣ ላፕቶፑን ከፍቶ መስከረምን ጠየቃት።

"ደንበኛ ሰርዙልኝ ሲልሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

ማንያዘዋል አጠገቧ ቆሟል። መሳቢያውን፣ ሁለቱን ቀን፣ "በሞቴ"ን ለኮምፒውተር ባለሙያ ምን ብላ ታስረዳው? አፈረች።

"እሰርዛለኋ" አለች።

ዝማሬም እንዳለችው አድርጎ አዘጋጀው።

አያ የሻው ቆርቆሮው መቼ እንደሚጫን ሊጠይቁ ደወሉ። ንግግሩ ተቀድቶ ስለተቀመጠ መስከረም በኋላ ሰምታዋለች፤ ባልሰማሁት ትላለች።

"ሰላም፣ ምን ልርዳዎ?"

"ምን ልርዳዎ? እንዴት አደሩ የለም? ልጆቹስ፣ ከብቱስ አይባልም?"

"ይቅርታ፣ አልገባኝም። በስልክዎ የተመዘገበ የቆርቆሮ ትዕዛዝ አግኝቻለሁ።"

"በል ሰርዘው! ይቅርብኝ!"

"ከተሰረዘ ዕቃው ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል። እርግጠኛ ነዎት?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ አያ የሻው ይጠየቃሉ? "ወንድ ልጅ ስንት ቃል አለው? እርግጠኛ ነኝ!"

"ተሰርዟል። ሌላ የምረዳዎ ነገር አለ?"

ከዚህ በኋላ ቅጂው ላይ የአያ የሻው ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማል። "ያቺ ልጅ የለችም እንዴ?"

"ስለደወሉልን እናመሰግናለን።"

ቆርቆሮው በዚያው ቀን አይከል ከተማ ለሚሠራ አንድ ሥራ ተቋራጭ ተላለፈ። አያ የሻው ሦስተኛውን ቀን ጠበቁ። አራተኛውንም ጠበቁ። ትዕዛዙ እንደነበረ ያለ የመሰላት መስከረም ነገሩን የሰማችው በዘጠነኛው ቀን እንኳየሁ ስትደውል ነው።

"እኅቴ፣ አባቴ ስልኩን ከእጁ አላወረደም። ምነው ሳትለምኑት ቀራችሁ?"

መስከረም መዝገቡን ከፍታ ስማቸው ላይ ቀይ መስመር አገኘች። ቆርቆሮ የጫነ መኪና የሚገባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሌላ መደብር ስትጠይቅ፣ የሚያበድር ስትፈልግ ዋለች፤ ከየትም አላገኘችም። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ኮሶዬ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ።

እሑድ ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች። የቤቱ እንጨት ቆሟል፤ ምርጊቱ ግን ከወገቡ በታች ተንዶ ደጁ ላይ ተኝቷል። የእንኳየሁ የእጅ አሻራ በቀረው ግድግዳ ላይ ይታያል። አያ የሻው ጭቃውን በአካፋ እየዛቁ ነበር።

መስከረም በሚኒባሱ ውስጥ ያጠናችው ልመና ሁሉ ጠፋባት። ጎንበስ ብላ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሣችና ትከሻዋ ላይ አደረገች። እርቅ የሚለምን ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው። አንድ ሳምንት ያኮርፉኛል፣ ሽማግሌ እልካለሁ፣ በመጨረሻ "ላንቺ ስል" ይሉኛል የሚል ነበር ተስፋዋ።

አያ የሻው አካፋውን ጥለው መጡና ድንጋዩን ከትከሻዋ አወረዱት።

"ተይ ልጄ። አንቺ ምን አደረግሽ? እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠይቆኛል እኮ። ነኝ ያልኩት እኔው ነኝ።"

"አያ፣ እኔ ነኝ መለመንን ያላስተማርኩት…"

"ግቢ፣ ብርድ ነው" አሉ። ከዚያ በላይ ስለ ነገሩ አላነሡም።

ቆርቆሮው በሐምሌ ገባ። እንኳየሁ ግን ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ መምረግ ስለማትችል ክረምቱን ከነልጆቿ አባቷ ቤት ተጣብባ ከረመች። አያ የሻውም ጨዋ ደንበኛ ሆኑ። ይደውላሉ፣ የትዕዛዝ ቁጥራቸውን ይናገራሉ፣ ያመሰግናሉ። ማንያዘዋል "ሰውየው ተሻሻሉ!" ይላል። መስከረም ይህን ስትሰማ ከፊቱ ትነሣለች። አሁን አሁን የእሳቸው ስልክ ሲመጣ ከኤአዩ ተሻምታ ራሷ ታነሣለች።

በመስከረም ወር ለእንኳየሁ በር ማጠፊያ አዘዙ። ሆን ብላ እንዴት አደሩ አላለቻቸውም። ስለ ላሞቹም አልጠየቀችም። ማጠፊያው መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ እያየችው፣

"አያ፣ ዕቃው በአሥር ቀን ይዘገያል" አለች፣ ድምፅዋን አደንድና። ከዚያ "ሰርዙት!" እስኪሉ ጠበቀች።

"እሺ ልጄ" አሉ። "ሲመቻችሁ።"